በጅማ አዲስ የቤተሰብ ሚኒቫን ሲገዙ ዋጋውን እንዴት መከራከር ይገባል

ጅማ ተቀምጦ ለቤተሰቡ አዲስ ሚኒቫን ለመግዛት ያሰበ ሰው በዋጋ የሚረታው አብዛኛውን ጊዜ ከሻጩ ፊት ሲቀመጥ አይደለም፤ የሚከራከርበትን አኃዝ ሳይለይ ከቤቱ ሲወጣ ነው። ሻጩ የሚጠራው የመኪናውን ዋጋ ብቻ ነው። ከገዢው ኪስ የሚወጣው ግን መኪናው ሰሌዳ አግኝቶ፣ ኢንሹራንስ ተገብቶለት፣ ጅማ ደርሶ ግቢ ውስጥ እስኪቆም ድረስ የሚከፈለው ሁሉ ነው። ይህን ድምር «ጅማ የሚገባበት ዋጋ» እንበለው። ከማንም ሻጭ ጋር ሲነጋገሩ የሚያወዳድሩትም፣ የሚከራከሩበትም፣ በመጨረሻ የሚቆርጡትም ይህ አንድ አኃዝ ይሁን።

ድምሩን ከቤት ሳይወጡ በወረቀት ላይ ይሥሩት። መኪናው የሚገዛው አዲስ አበባ ከሆነ በወልቂጤና በጊቤ በኩል 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የሹፌር አበልና የመንገድ ወጪ ይኖረዋል። የሰሌዳና የምዝገባ ክፍያ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን አለ፤ በባንክ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ባንኩ የሚጠይቀው ሙሉ ኢንሹራንስ ይጨመራል። ደላላ ከገባበት የደላላው ድርሻም አይረሳ። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ቫት ነው። 15 በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ በ4,000,000 ብር ላይ ሲሰላ ግን 600,000 ብር ነው፤ ይህም በሰዓታት ክርክር ከሚገኝ ማናቸውም ቅናሽ ይበልጣል። ስለዚህ ዋጋ እንደተጠራልዎ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ይቀንሳል ወይ?» ሳይሆን «ቫትን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም?» የሚለውን ነው።

ገበያው ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ማወቅም ለክርክሩ ያስፈልጋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ባለ 7 መቀመጫ አዲስ የቤተሰብ መኪና የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ሁለት ዓይነት ነው፤ ከእገዳው በፊት ገብተው ሳይሸጡ የቆዩ የነዳጅ መኪኖች አሉ፣ አብዛኞቹ ከቻይና የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪኖችም አሉ። ሁለቱን በአንድ ዓይነት መንገድ መከራከር አይቻልም። የነዳጁ ሻጭ የሚተማመነው ተተኪ ባለመኖሩ ነው፤ «ከዚህ በኋላ አይገባም» ሲል እውነቱን ስለሆነ ከእርሱ ብዙ ቅናሽ መጠበቅ አይገባም። የኤሌክትሪኩ ሻጭ ግን ያለበት ሁኔታ ሌላ ነው። አስመጪው ብዙ ነው፤ ፋብሪካዎቹም በየጊዜው የተሻሻለ ሞዴል ስለሚያወጡ የአምናው ሞዴል በቆመበት ዋጋው ይወርዳል። በእኔ እምነት ለገዢው ሰፊ የክርክር ቦታ ያለው በዚህ በኩል ነው።

ሻጮች ለዋጋ መናር አዘውትረው የሚሰጡት ምክንያት ዶላር ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በእጅጉ መጨመሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከፊትዎ የቆመው መኪና የገባው በስንት ምንዛሪ ነው? ይህን የሚመልሰው የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ነው። በዲክላራሲዮኑ ላይ መኪናው የተመዘገበበት ቀን፣ የተሰላበት ምንዛሪና የተከፈለው ቀረጥ ተጽፈው ይገኛሉ። ሰሌዳ ለማውጣት ይኸው ሰነድ ስለሚያስፈልግ ሻጩ ለዘለቄታው ሊደብቀው አይችልም፤ ጥያቄው ከመክፈልዎ በፊት ያዩታል ወይስ ከከፈሉ በኋላ የሚለው ብቻ ነው። በፊት ይዩት። ስለ ቀረጥ የሚነገረውም በዚሁ ይጣራል፤ መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪኖች ማበረታቻ ባወጣበት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ የተጣለው የጉምሩክ ቀረጥ 15 በመቶ፣ በከፊል ተበትነው በሚገቡት ላይ ደግሞ 5 በመቶ ነበር። «ታክስ ገደለን» የሚል ሻጭ የከፈለውን በሰነዱ ላይ እንዲያሳይዎ በአክብሮት ይጠይቁት።

ቀጥሎ መኪናው በእርግጥ ምን ያህል አዲስ እንደሆነ ይመርምሩ። የጅማ ቡና ነጋዴ እጁን ጆንያው ውስጥ ከትቶ ፍሬውን ሳያይ ዋጋ እንደማይጠራ ሁሉ፣ የመኪናም ዋጋ ሳይመረምሩ መጥራት ተገቢ አይደለም። ዜሮ ኪሎ ሜትር ማለት መኪናው አልተነዳም ማለት እንጂ አልቆየም ማለት አይደለም። በጎማው ጎን ላይ በእንቁላል ቅርጽ ክብ ውስጥ የታተሙ አራት አኃዞች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 2323 የሚል ቢያነቡ ጎማው በ2023 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራቱንም ጎማዎች፣ ትርፍ ጎማ ካለውም እርሱን ጨምረው ይመልከቱ። ከዚያ 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉትን የሻንሲ ቁጥር ያንብቡ፤ ቻይና በተሠሩ መኪኖች ላይ አሥረኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ ፒ ከሆነ 2023፣ አር ከሆነ 2024፣ ኤስ ከሆነ 2025 እ.ኤ.አ. ነው። «የዘንድሮ ነው» የተባለ መኪና ሁለት ዓመት በፀሐይና በዝናብ የቆመ ሆኖ ከተገኘ ይህን የሚያነሡት ሻጩን ለማሳፈር ሳይሆን ለሚጠይቁት ቅናሽ መነሻ እንዲሆን ነው፤ ጎማው አርጅቷል፣ ረዳት ባትሪው ደክሟል፣ መልሰው ሲሸጡትም በዓመተ ምርቱ ይገመታል።

የኤሌክትሪክ ሚኒቫን ከሆነ ዋጋውን የሚወስነው ከሁሉ በላይ ባትሪው ነው። አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሁለት መኪኖች የባትሪያቸው መጠን ሊለያይ ይችላል፤ ስለዚህ የአንዱን ሻጭ ዋጋ ከሌላው ጋር ከማነጻጸርዎ በፊት የሁለቱንም ባትሪ በኪሎዋት ሰዓት ጠይቀው ይመዝግቡ። በማስታወቂያ የሚነገረው የጉዞ ርቀት በቻይና የፍተሻ ደንብ የተለካ ከሆነ በእውነተኛ መንገድ ከሚገኘው ይበልጣል፤ ሰባት ሰው ከነጓዙ ጭኖ የጊቤን ዳገት የሚወጣ መኪና ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይጓዛል። ለጅማ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ሰው መንገድ ላይ የሚሞላበትን ቦታ አስቀድሞ ማሰብ ስላለበት፣ ትልቁ ባትሪ የሚጨምረው ብር ትንሹ ከሚያተርፈው ብር ጋር መመዛዘን ይኖርበታል። የቻርጅ መሰኪያው ዓይነት፣ የስክሪኑ ቋንቋ፣ የባትሪው ዋስትና እዚህ አገር የሚያገለግል መሆን አለመሆኑና ዋስትናውን በጽሑፍ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ሁሉ ከዋጋው ጋር አብረው የሚነሡ ናቸው። ፋብሪካው በአገሩ የሚሰጠው ዋስትና በግለሰብ አስመጪ በኩል ለመጣ መኪና እዚህ ላይሠራ ይችላል፤ በቃል የሚነገር ዋስትና ደግሞ ዋጋ ሊጨመርበት አይገባም።

መኪናው ጅማ ውስጥ ያለ ከሆነ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ሰው ጭነው ይሞክሩት። በቤተሰቡ ውስጥ በዕድሜ የገፋ ሰው ካለ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጠው ጉልበቱ የሚያርፍበት ቦታ መኖሩን ይዩ፤ የምንከፍለው ለሰባት መቀመጫ ነውና ሰባተኛው ሰው በእርግጥ መቀመጥ አለበት።

ምርመራው ሲያልቅ ቢያንስ ከሦስት ሻጮች በጽሑፍ የተሰጠ ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት፣ ይያዙ፤ አንዱ ጅማ ካለ ሻጭ፣ ሌሎቹ ከአዲስ አበባ ቢሆኑ ይመረጣል። የጅማው ሻጭ ዋጋው ከፍ ያለ ቢመስልም መኪናውን እዚሁ ስለሚያስረክብ ጅማ የሚገባበት ዋጋ ሲሰላ ሊረክስ ይችላል፤ ተበላሽቶ ሲመለስም የሚገኘው በቅርብ ነው። የጊዜ ምርጫም ያግዛል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቡና ወቅት ከተማው ገንዘብ ስለሚያይ የሚገዛውም ይበዛል፤ ክረምት ሲገባ ግን ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ገዢ በተሻለ ጆሮ ይሰማል። ቸኩሎ መግዛት ግድ ካልሆነ በቀር ሐምሌን እመርጣለሁ።

ዋጋ ለመቁረጥ ሲሄዱ ልጆችን ይዘው አይሂዱ። ልጆች መኪናውን ከወደዱት ሻጩ ከፊታቸው ያነበዋል። «ነገ ወደ ጅማ ተመላሽ ነኝ» ማለትም ጊዜን ለሻጩ አሳልፎ መስጠት ነው። ንግግሩ ለአብነት ያህል እንዲህ ሊሄድ ይችላል።

«ጋሼ፣ 4 ሚሊዮን 900 ሺህ ነው። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ይባርክህ ወንድሜ። ቻርጀሩንና ሰሌዳውን ይጨምራል?»

«እነሱ ለብቻ ናቸው።»

«እንግዲያው ቻርጀሩም፣ ሰሌዳውም፣ ጅማ ማድረሱም ገብቶበት ቁርጡን ንገረኝ። ሌላ ቦታ በወረቀት የተሰጠኝ ይኸው።»

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ያስፈልጋል። ዝምታውን ለመሙላት ሲሉ በራስዎ ላይ ዋጋ አይጨምሩ። ሻጩ «እርስዎ ስንት ይላሉ?» ብሎ ቢመልስልዎ በዘፈቀደ አኃዝ አይጥሩ፤ የሚጠሩትን ዋጋ ከፕሮፎርማው፣ ከጎማው ዕድሜ ወይም ከዲክላራሲዮኑ ጋር አያይዘው ያስረዱ፤ ምክንያት ያለው አኃዝ በቀላሉ አይጣልምና። ሲጨምሩም ጭማሪዎ እያነሰ ይሂድ፤ መጀመሪያ 100,000 ብር ከጨመሩ ቀጥሎ 50,000፣ ከዚያ 20,000 ይሁን፤ ሻጩ ጫፍ ላይ መድረስዎን የሚረዳው ከዚህ ነው። ዋጋው አልወርድ ካለ በዕቃና በአገልግሎት ይጠይቁ። የቤት ቻርጀር፣ የመጀመሪያ ሰርቪስ፣ የወለል ምንጣፍ፣ እስከ ጅማ ማድረስ ለሻጩ ከእርስዎ ባነሰ ዋጋ የሚገኙ ስለሆኑ ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ እነዚህን ይለቃል። ከቤት ሲወጡ ከወሰኑት ጣሪያ በላይ ከሆነ ግን ስልክ ቁጥርዎን ትተው፣ በሰላም ተሰናብተው ይውጡ። መውጣቱ ከልብ መሆን አለበት፤ ለማስፈራራት ብቻ የተነሣን ሰው ሻጭ ያውቀዋል።

ደላላን በተመለከተ፣ የሚያውቅ ደላላ ጊዜ እንደሚያተርፍ አልክድም። ይሁን እንጂ ክፍያው ከሽያጩ ዋጋ በመቶኛ የሚታሰብ ደላላ ዋጋው ሲወርድ የራሱም ድርሻ ይወርዳል። ስለዚህ መኪናውን ከማየትዎ በፊት ቁርጥ ክፍያ ይስማሙ፤ ከተጠራው ዋጋ ላይ ካስቀነሰ ደግሞ ከቅናሹ ድርሻ እንደሚያገኝ ይንገሩት። ያን ጊዜ የሚሠራው ለእርስዎ ይሆናል።

በባንክ የሚገዙ ከሆነ፣ በተለይም በጅማ ብዙዎች በሚመርጡት ከወለድ ነፃ በሆነው የሙራባሃ አሠራር፣ ክርክሩ ማለቅ ያለበት ፕሮፎርማው ባንክ ከመግባቱ በፊት ነው። በሙራባሃ ባንኩ መኪናውን ከሻጩ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ለእርስዎ ስለሚሸጥ፣ በፕሮፎርማው ላይ የቀረች እያንዳንዷ ትርፍ ብር የባንኩ ትርፍ ይታሰብባታል። አንዳንድ ሻጭ ባንክ እንደሚከፍል ሲሰማ ከፍ ያለ ፕሮፎርማ ይጽፋል፤ ስለዚህ ዋጋው በቃል እስኪቆረጥ ድረስ የአከፋፈሉን ነገር አያንሡ።

ቀብድ ሲሰጡ ጥንቃቄው ይበልጥ ይጨምር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 መሠረት፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ለገዢው ጋሻ የሚሆነው ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ ነው። ትልቅ ቀብድ የሰጠ ገዢ በኋላ ጉድለት ቢያገኝ እንኳ የመከራከር አቅሙ ይደክማል፤ ስለዚህ መጠኑ ትንሽ ይሁን። በወረቀቱ ላይ የሻንሲው ቁጥር፣ ጠቅላላው ዋጋ፣ በዋጋው ውስጥ የተካተቱት ነገሮች ሁሉና የማስረከቢያው ቀን ይጻፉ፤ «ዶላር ጨመረ» ተብሎ ዋጋ እንደማይጨመርም አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ።

ደረሰኝና ውል ላይ ከተከፈለው ያነሰ ዋጋ እንዲጻፍ ቢጠየቁ አይቀበሉ። መኪናው ጉድለት ተገኝቶበት ገንዘብዎ ይመለስ ቢሉ፣ የሚያስረዱት በተጻፈው ልክ ነው። የቀረውን ክፍያ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ያዘጋጁና ሲፒኦውን ከማስረከብዎ በፊት በመኪናው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከዲክላራሲዮኑና ከደረሰኙ ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ ሁለቱንም ቁልፎች፣ ቻርጀሩን ከነገመዱ፣ የዋስትናውን ወረቀትና ቃል የተገቡትን ዕቃዎች ሁሉ ተረክበው ይፈርሙ። «ማታ እልክልዎታለሁ» የተባለ ነገር ካለ ያው ነገር እስኪመጣ ሲፒኦው ከእጅዎ አይውጣ።