የልጅነት ኮተቤን በሥዕል ለመያዝ ያገኘሁት መላ
ያደግሁበትን የአዲስ አበባ ሰፈር፣ ኮተቤን፣ ለሚያሳየው የልጆች መጽሐፍ የሣልኋቸው ሥዕሎች፣ ቤቱም አጥሩም በትክክል ተሥሎ ሳለ፣ ማንኛውንም ከተማ ይመስሉ ነበር። ጥፋቱ የገባኝ አንድ ማለዳ ወደ ካራ ስወጣ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ከቆርቆሮ ጣሪያዎች በላይ ተኝቶ የየካን ተራራ በከፊል ሸፍኖት ባየሁ ጊዜ ነው፤ እኔ ሰማዩን ሁሉ ጥርት አድርጌው ኖሯል። ስለዚህ በውኃ የቀጠነ ግራጫማ ሰማያዊ ቀለም በሥዕሉ ላይ በስሱ ቀብቼ፣ ሳይደርቅ ከጣሪያዎቹ ላይ ብቻ በጨርቅ አነሣሁት። ዝገቱንም፣ ዝናብ እንደሚያወርደው፣ ከምስማሩ ሥር ጀምሮ ወደ ታች አወረድሁት። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ጊዜ የሚያሳየውን አንዱን ገጽ (ይህን ልብ የሚል አንባቢ ጥቂት ቢሆንም) በጽድና በወይራ ሞላሁት።