የፋብሪካ ከተማን እምብርት መልሶ ሲያለሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወጣት ባለሙያዎች የመልሶ ማልማት እቅድ ይዘው ሲመጡ ደስ ይለኛል። ያው ስህተት ከአንዱ እቅድ ወደ ሌላው ሲዛወር ግን ዝም ማለት አልችልም። ምሳሌዬ በአብዛኛው የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ የሆነችው የአሜሪካዋ ዲትሮይት ናት፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ፋብሪካው ተዘጋ፣ ከተማው ሞተ» ብሎ መደምደም

ይህ ግማሹ እውነት ነው። የዲትሮይት ነዋሪ በ1950 ወደ 1.85 ሚሊዮን ደርሶ በ2020 639 ሺህ ገደማ ሆኗል። መሃል ከተማውን ያራቆተው ግን የሥራ መጥፋት ብቻ አይደለም፤ ገበያውም ተነስቶ ሄዷል። የመሃል ከተማው ትልቁ መደብር ሃድሰን ራሱ፣ ደንበኞቹን ተከትሎ ከከተማው ወሰን ውጭ ኖርዝላንድ የተባለ የገበያ ማዕከል በ1954 ከፍቷል። አንድ ፋብሪካ ስለመለሳችሁ ይህ ገበያ አብሮ አይመለስም።

አፍርሶ ባለሀብት መጠበቅ

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። «ቦታውን እናጽዳው፣ አልሚ ይመጣል» ይባላል። ህንጻው ይፈርሳል፣ ቦታው አስፋልት ይለብሳል፣ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ለምን ይገነባል? ጥገና የለበትም፣ ህንጻ ከሌለ ግብሩ ይቀንሳል፣ የማቆሚያ ክፍያው በየቀኑ ይገባል። መሬቱ እስኪወደድ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጉዳቱ የሚያርፈው ጎረቤቱ ላይ ነው። በአሮጌው የጡብ ህንጻ ስር በየጥቂት እርምጃው የሱቅ በር ነበር፤ እግረኛው ቆም እያለ ያልፍ ነበር። አሁን አጥርና የቆሙ መኪኖች ብቻ ስላሉ መንገዱን ይቀይራል፤ አጠገቡ ያለው ሱቅም በተራው ይዘጋል። ቀጥሎ የሚፈርሰውም እሱ ነው።

ሃድሰን በ1983 ተዘጋ፣ በጥቅምት 1998 ፈረሰ። በቦታው አዲሱ ህንጻ መገንባት የጀመረው በ2017 መጨረሻ ነው። በአንጻሩ በ1988 የተዘጋው የዚያው ከተማ የሚሺጋን ሴንትራል ባቡር ጣቢያ እንዲፈርስ የከተማው ምክር ቤት በ2009 ቢወስንም ሳይፈርስ ቆየ፤ የመኪና አምራቹ ፎርድ ገዝቶ አድሶት በ2024 ተከፈተ። ስለዚህ የግንባታ ፈቃድና ገንዘብ በእጅ ሳይገባ የማፍረሻ ፈቃድ አትስጡ። ባዶ ህንጻን የሚገድለው ውሃ ነው፦ ጣሪያውን ድፈኑ፣ አሸንዳውን ጥረጉ፣ የቧንቧ ውሃውን ከዋናው ዝጉ።

አንድ ግዙፍ ፕሮጀክት ሁሉን ያድናል ብሎ ማመን

በ1977 የተከፈተው የዲትሮይቱ ረነሳንስ ሴንተር ሰማይ ጠቀስ ህንጻዎቹን ከጀፈርሰን ጎዳና የሚለይ ከፍ ያለ ግንብ ነበረው። ሠራተኛው በመኪናው ይገባል፣ ውስጡ ይበላል፣ ውስጡ ይገዛል፣ በመኪናው ይወጣል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ነጋዴ ምንም አላገኘም። ያ ግንብ ኋላ ላይ መፍረስ ነበረበት። የማንኛውንም ህንጻ ንድፍ ስታዩ መጀመሪያ የምድር ወለሉን ተመልከቱ፤ ወደ መንገድ የሚከፈት በር ከሌለው መልሱት።

ቢልባኦን በሙዚየሟ ብቻ መቅዳት

«ሙዚየም ከፍታ ዳነች» የምትባለው የስፔኗ የፋብሪካ ከተማ ቢልባኦ የጉገንሃይም ሙዚየምን የከፈተችው በ1997 ነው። ሜትሮዋ ግን በ1995 ሥራ ጀምሯል፤ የወንዙ ጽዳትም ከዚያ ቀድሞ ተጀምሯል። ሙዚየሙ የመጣው በሥራ ላይ ያለ ከተማ ውስጥ ነው።

መንገዱን ለመኪና ዘግቶ ሰው መጠበቅ

የአሜሪካዋ ከተማ ካላማዙ በ1959 ዋና የገበያ መንገዷን ለእግረኛ ብቻ አደረገች፤ በ1998 ከፊሉን ለመኪና መልሳ ከፈተች። እግረኛ የሚመጣው በአካባቢው የሚኖር ሰው ሲኖር ነው። ከሱቆቹ በላይ ያሉትን ባዶ ፎቆች አስቀድማችሁ መኖሪያ አድርጉ።

ያሉትን ሰዎች እንደሌሉ መቁጠር

«ባዶ ነው» የተባለ ሰፈር ባዶ ሆኖ አላየሁም። ጫማ ሰፊው አለ፣ ፀጉር ቤቱ አለ። በዲትሮይት የሄስቲንግስ ጎዳና የጥቁሮች ሱቆችና የሙዚቃ ቤቶች ለፈጣን መንገድ ሲባል ተጠርገዋል፤ እዚያ የተገነባ ንግድ ሌላ ቦታ እንደነበረ አልተተከለም። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ተከራይ መዝግቡ። በግንባታው ጊዜ የት እንደሚሠራ፣ ሲያልቅ በስንት ኪራይ እንደሚመለስ ከአልሚው ጋር በምትፈራረሙት ውል ላይ ይስፈር፤ በቃል ብቻ የተሰጠ ተስፋ አልሚው ቦታውን ለሌላ ሲሸጥ አብሮ ይቀራል።