ጠቦቱ በአንድ ጎን ሲዞር፦ የአዙሪት ምንጭና መፍትሔ

ምልክቱ
ዓመት ገደማ የሆነው ጠቦት ከመንጋው ተነጥሎ ይቆማል። አንገቱን ያጋድላል፤ ሲራመድ ወደ አንድ ጎን ብቻ ይዞራል፤ አጥር ሲያጋጥመው ግንባሩን አስደግፎ እዚያው ይቀራል። በአንደኛው ዓይኑ አያይም። አዙሪት የተባለው ይህ በሽታ ከቆየ የራስ ቅሉ አንድ ቦታ ላይ ስለሚሳሳ በአውራ ጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ይላል።

የሚዞር ሁሉ ግን አዙሪት የለበትም። ትኩሳት ካለው፣ ጆሮውና ከንፈሩ በአንድ ወገን ከተንጠለጠለ ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ያን ዕለት ሐኪም ይጥሩ። ንፍጥ ካዝረበረበና ካስነጠሰው የአፍንጫ ትል ይጠርጥሩ። አዙሪት ያለ ትኩሳት፣ ቀስ እያለ ይብሳል።

ምክንያቱ
አንጎሉ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። በከረጢቱ ግድግዳ ላይ በብዛት የተሰገሰጉት ነጫጭ ነጥቦች እያንዳንዳቸው የኮሶ ትል ራስ ናቸው። ውሻ ወይም ቀበሮ ያንን አንጎል ሲበላ ትሎቹ አንጀቱ ውስጥ ያድጋሉ፤ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣሩ ላይ ይወድቃል። ጠቦቱ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል፤ የተፈለፈለው እጭ በደም ተጉዞ አንጎል ይገባል። መዞር የሚጀምረው ከ2 እስከ 8 ወር ቆይቶ ነው።

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ደጋ ይህን በሽታ የማያውቅ እረኛ ጥቂት ነው። ከረጢት ያለበት የትንሣኤ በግ ራስ ለውሻ ቢጣል፣ ውሻው በሰኔ ግጦሹን ይበክላል፤ ጠቦቱ ከነሐሴ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይዞራል። ባለቤቱ የተጣለውን ራስና የጠቦቱን መዞር የማያገናኛቸው በመካከል ያለው ጊዜ ስለሚረዝም ነው።

መፍትሔው
ከረጢቱ ካደገ በኋላ በትል መድኃኒቱ በአልቤንዳዞል ይድናል ብለው አይመኑ፤ በትኩስ ብረት መተኮስማ እንስሳውን ማሠቃየት ብቻ ነው። የሠለጠነ የእንስሳት ሐኪም ካለ ቀዶ ሕክምና ይቻላል። ከሌለ፣ ሳይከሳ በሐኪም አስመርምሮ ማረድ ይሻላል። ጭንቅላቱን ግን ያቃጥሉ፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩ።

ዋናው ሥራ ያለው ውሻው ላይ ነው። ፕራዚኳንቴል የተባለውን የኮሶ ትል መድኃኒት በክብደቱ ልክ (በኪሎ 5 ሚሊግራም) በየ6 ሳምንቱ ይስጡት። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ ስለዚህ ለ2 ቀን አስረው ዓይነ ምድሩን ይቅበሩ፤ ከዚያም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። አልፎ አልፎ ሰውም ይያዛልና ልጆችን ያርቁ።

የእርስዎ ውሻ ብቻ መታከሙ አይበቃም፤ የጎረቤት ውሻም እዚያው ግጦሽ ላይ ይውላል። ለበዓል ሲታረድ ለመንደሩ አንድ የበግ ጭንቅላት መቅበሪያ ጉድጓድ ቀድመው ያስቆፍሩ፤ አደራ።