በሲያትል ዙሪያ ያሉ የስኪ ሥፍራዎችን እንዴት እናወዳድር?

በአሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት፣ በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖር ሰው በካስኬድ ተራሮች ላይ ሊመርጣቸው የሚችላቸው የስኪ (የበረዶ ላይ መንሸራተት) ሥፍራዎች ጥቂት አይደሉም። ከነዚህም ስኖኳልሚ፣ ስቲቨንስ ፓስ፣ ክሪስታል ማውንቴን፣ ለካናዳ ድንበር የሚቀርበው ማውንት ቤከር እና ከተራሮቹ በስተ ምሥራቅ፣ በዌናቺ አጠገብ ያለው ሚሽን ሪጅ ይጠቀሳሉ። ብዙ ሰው የሚያወዳድራቸው በትኬት ዋጋና በመንገድ ርዝመት ነው፤ ቀኑን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ግን በዋናነት በረዶው ስለሆነ ንጽጽሩ ከዚያ ቢጀምር ይሻላል።

ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው አየር እርጥበት የበዛበትና ቅዝቃዜው የማይከብድ በመሆኑ የካስኬድ በረዶ ብዙ ቢሆንም ከባድ ነው፤ ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ካለም ወደ ዝናብ ይለወጣል። ስለዚህ ትንበያ ሲነበብ ስንት ሴንቲሜትር ይጥላል ከሚለው በፊት ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ የሚሆንበት ከፍታ መታየት አለበት። በረዶው ሳይቀልጥ ከዚያ ከፍታ 300 ሜትር ያህል ዝቅ ሊል ይችላል። ለምሳሌ ትንበያው 1,500 ሜትር ቢል በረዶ የሚጠበቀው እስከ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ እንግዲህ የተራራ መተላለፊያው (ፓስ) 921 ሜትር ላይ ባለው በስኖኳልሚ ግርጌ ሲዘንብ፣ ግርጌው 1,340 ሜትር አካባቢ በሆነው በክሪስታል በረዶ ይጥላል ማለት ነው። 1,238 ሜትር ላይ ያለው ስቲቨንስ ፓስ ደግሞ ዝናብና በረዶ በሚለያዩበት ወሰን አጠገብ ስለሚውል ጥቂት የሙቀት ለውጥ ሁኔታውን ይገለብጠዋል። ይሁን እንጂ ከምሥራቅ የሚነፍስ ቀዝቃዛ አየር በመተላለፊያዎቹ ሾልኮ ሲገባ ስኖኳልሚና ስቲቨንስ ከትንበያው ይልቅ ቀዝቅዘው ሊውሉ ስለሚችሉ የነፋሱን አቅጣጫም መመልከት ይገባል።

በብዛቱ ማውንት ቤከርን የሚስተካከል የለም፤ በ1998–99 የክረምት ወቅት 1,140 ኢንች፣ ማለትም 29 ሜትር ገደማ በረዶ ተለክቶበት የዓለም ክብረ ወሰን ሆኗል። ሚሽን ሪጅ ከዚህ እጅግ ያነሰ ቢጥልበትም ደመናው እርጥበቱን በምዕራቡ በኩል አራግፎ ስለሚደርስ በረዶው ደረቅና ቀላል ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል፣ ከዝናብ ሳምንት በኋላ ያለማመንታት ሚሽን ሪጅን እመርጣለሁ።

ወደ ተዳፋቱ ስንመጣ፣ አረንጓዴ ክብ (ቀላል)፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን (መካከለኛ) እና ጥቁር ዳይመንድ (ከባድ) የሚሉት ምልክቶች መንገዶቹን የሚያወዳድሩት በዚያው ሥፍራ ውስጥ እንጂ ከሌላው ሥፍራ ጋር እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ከስኖኳልሚ ክፍሎች አንዱ በሆነው በሰሚት ዌስት ሰማያዊ መንገድ የለመደ ሰው በማውንት ቤከር ሰማያዊ መንገድ ላይ ሊደነግጥ ይችላል። ከስኖኳልሚ አራት ክፍሎች ሰሚት ዌስት ለጀማሪ የተመቸ ሲሆን፣ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ያለው አልፐንታል ግን እጅግ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው፤ በአንድ ስም ስለሚጠሩ ብቻ አንድ ዓይነት እንዳይመስሏችሁ። ስፋት ለሚፈልግ 2,600 ኤከር ያለው ክሪስታል ከሁሉም ይበልጣል። ካርታ ስታዩ ተዳፋቱ ወደ የት እንደሚያይ አጣሩ፤ ወደ ደቡብ የሚያይ ተዳፋት በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀን በፀሐይ ቀልጦ ሌሊት ስለሚረጋ ጠዋት እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሆኖ ይጠብቃል።

ለመዝለልና በብረት ሐዲድ ላይ ለመንሸራተት ወደ ተሠራ ፓርክ የሚሄድ ሰው ሌላውን የስኖኳልሚ ክፍል፣ ሰሚት ሴንትራልን ቢያስቀድም መልካም ነው፤ ስኖኳልሚ በምሽትም መብራት ስላለው ከሥራ በኋላ ለመለማመድ ይመቻል። በማውንት ቤከር የተሠራ ፓርክ ሳይሆን ተፈጥሮ ራሷ ያበጀችው ሸለቆ ነው የሚፈለገው፤ ከ1985 ጀምሮ የሚታወቀው የስኖውቦርድ (በአንድ ሰፊ ሰሌዳ ላይ ቆሞ የመንሸራተት) ውድድርም የሚካሄደው እዚያ ነው። ፓርክ ለመሥራት ብዙ በረዶ ስለሚያስፈልግ በወቅቱ መጀመሪያ ካርታው ላይ ያለው ሁሉ ላይሠራ ይችላል፤ የዕለቱን ሪፖርት ማንበብ ግድ ነው። መግቢያው ላይ ባለው ብርቱካንማ ሞላላ ምልክት የተጻፈውን የመጠን ደረጃም ተመልክታችሁ፣ ከመዝለላችሁ በፊት አንድ ጊዜ በዝግታ ዳር ዳሩን ወርዳችሁ ማረፊያውን እዩ።

የመጨረሻው ሥራ ከመውጣታችሁ በፊት የዋሽንግተን ስቴት ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚያሳያቸውን የመንገድ ካሜራዎች ማየትና ለጎማው ሰንሰለት መያዝ ነው።