ጧሪ ቀባሪ የሌለው ታካሚ ሲያርፍ

ከዓመታት በፊት አንድ ልብስ ሰፊ አዛውንት አስታምም ነበር። ሙቀታቸውን ልለካ ባጎነበስኩ ቁጥር የጋውኔን ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ገልብጠው «ይህ በጥድፊያ የተሰፋ ነው፣ ልጄ» ይሉኛል። ያረፉበት ሌሊት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። መዝገባቸው ላይ የቅርብ ተጠሪ በሚለው ቦታ አንዲት ሰረዝ ብቻ ተሰምራለች። ለማን እንደምደውል ግራ ገብቶኝ ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን በዚያ ቦታ ለሚቆም ሁሉ እጽፋለሁ።

ሰረዟን አትመኑ። ታካሚው መናገር ሳይሳነው ጠይቁት፤ ግን «ዘመድ አለዎት?» ብላችሁ አይደለም። ይህ ጥያቄ የድሮ ቁስል ይነካካል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ «የለኝም» ብቻ ይሆናል። እኔ «አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ቢሰማ ይወዳሉ?» እላለሁ። ያን ጊዜ የቀድሞ ጎረቤት ወይም አብሮ የሠራ ሰው ስም ይወጣል። «እገሌ እንዳይሰማ» የሚልም አለ፤ እሱም ይከበርለት። በምን ስም መጠራት እንደሚወድ፣ ጸሎት ይፈልግ ወይም አይፈልግ እንደሆነ፣ አስከሬኑ ምን ቢደረግ እንደሚመርጥ በዚያው ጠይቃችሁ ጻፉት።

«ተመልሼ እመጣለሁ» የሚለውን ቃል ቆጥቡት። ሳንድራ ክላርክ የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በ1986 (በአውሮፓ አቆጣጠር) አጠገቡ እንድትቀመጥ ለለመናት አዛውንት ይህንኑ ተናገረች፤ ሌሎች ታካሚዎቿን አዳርሳ ስትመለስ ብቻውን ሞቶ አገኘችው። በ2001 በምትሠራበት የኦሪገን ሆስፒታል በጎ ፈቃደኞች በየተራ ሊሞት ከተቃረበ ታካሚ አልጋ አጠገብ የሚቀመጡበትን አሠራር ጀመረች። እኛ ያን ያህል ሰው የለንም። ሌሊቱን በ30 በ30 ደቂቃ ተካፍለን ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን እንሞክራለን። የሚቀመጠው ሰው ብዙ ማውራት የለበትም፤ እጅ መያዝና የደረቀ ከንፈር በእርጥብ ጥጥ ማራስ ይበቃል።

ሞት ከተረጋገጠ በኋላ መጋረጃውን ዝጉ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ምንም አትሥሩ። ጆናታን ባርትልስ የተባለ ነርስ በ2009 ይህን ዝምታ ቨርጂኒያ ውስጥ አስለምዶ ብዙ ሆስፒታሎች ተከትለውታል። ከዝምታው በፊት አንድ ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ የሚናገረው ግን ያየውን ይሁን። «ደግ ሰው ነበሩ» ማለት ስለማያውቁት ሰው መፍረድ ነው። ተሳዳቢ ታካሚም ያርፋል፤ ለእሱ ደግሞ «ሻይው ካልፈላ አይጠጣም ነበር» ማለት ይቻላል።

አሟሟቱ በፖሊስ ወይም በአስከሬን ምርመራ የሚጣራ ከሆነ ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ አትጠቡ፤ ቱቦም አትንቀሉ። ካልሆነ ለሁለት ሆናችሁ ጀምሩ፤ አትዘግዩ። ሰውነት መገተር የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ቀድሞ የሚታየውም በዐይን ሽፋንና በመንጋጋ ላይ ነው። በጀርባ አስተኟቸው፤ ደም ወደ ፊት ወርዶ ፊታቸው እንዳይጠቁር ከራሳቸው ሥር አንድ ትራስ አድርጉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው መልሱላቸው። የዐይን ሽፋናቸውን ጥቂት በጣታችሁ ያዙት፤ ከአገጫቸው ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አስገቡ። ገልበጥ ስታደርጓቸው ከሳንባ የቀረ አየር ወጥቶ እንደ እፎይታ ድምፅ ይሰማል። አዲስ ባልደረባ ካለ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ እኔን የነገረኝ ስላልነበረ ሳህኑን ከነውሃው ለቅቄዋለሁ።

ስትጠቡ በስማቸው እየጠራችሁ «አሁን እጅዎን አነሳለሁ» በሏቸው። ሞኝነት የሚመስለው አለ፤ እጃችንን የሚያለሰልሰው ግን ይህ ንግግር ነው። የልብስ ሰፊውን የቀኝ እጅ ሳጥብ የአመልካች ጣታቸው ጫፍ በመርፌ ብዛት እንደ ጫማ ቆዳ ደድሮ አገኘሁት። አምስት ሳምንት ሙሉ የደም ግፊታቸውን ስለካ በዚያው እጅ ላይ ስሠራ አላየሁትም ነበር።

ዕቃቸውን ከአንድ ምስክር ጋር ቁጠሩ። «ልዩ ልዩ» ብላችሁ አታጠቃልሉ። የቀለበቱን ወርቅነት እናንተ ስለማታረጋግጡ «ቢጫ ብረት» ብላችሁ መዝግቡ። በቆሻሻ ከረጢት ተጠቅልሎ የተቀመጠ የሰው ንብረት አይቻለሁ፤ ንጹሕ ካርቶን አይጠፋም። የአዛውንቱ ዝርዝር «በክር የታሰረ መነጽር አንድ፣ ሁለት መርፌ የተሰካበት ቁራጭ ጨርቅ» ይላል። ትንሽ ነገር ናት ብላችሁ አትናቁ። በ1948 ለንደን ውስጥ ዴቪድ ታስማ የተባለ ከፖላንድ የተሰደደ አይሁዳዊ ቤተሰብ አጠገቡ ሳይኖር በካንሰር ሞተ። እየመጣች ለምትጠይቀው የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሲስሊ ሳውንደርስ፣ ሊሞቱ ለተቃረቡ ሕሙማን ልትሠራው ላሰበችው ማረፊያ ቤት መስኮት እንዲሆንላት 500 ፓውንድ ትቶላት ነበር። ቤቱ፣ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ፣ የተከፈተው ከ19 ዓመት በኋላ ነው።

ቀብሩ የት፣ መቼና በማን እንደሚፈጸም ከማኅበራዊ ሠራተኛው ጠይቁ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ይገኝ። የመቃብሩን ቦታ መዝገቡ ላይ አስፍሩ፤ ከዓመታት በኋላ ወንድም ነኝ የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል። የጽዳት ሠራተኛዋንም ንገሯት። እኔ መርፌ ይዤ ስመጣ፣ እሷ ግን በየማለዳው ሰላምታ ይዛ ትገባ ነበር፤ አዛውንቱ ጋቢ ሳይሆን ሙሉ ልብስ ይሰፉ እንደነበር ያወቅነው ከእሷ ነው።

በመጨረሻም ክፍሉ አንድ ደብተር ይኑረው። ስም፣ በሽታ፣ የአልጋ ቁጥር አይጻፍበት፤ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ሁለት መስመር ብቻ። የእኔ «ልብስ ሰፊ ነበሩ። የጋውኔን ስፌት አልወደዱትም» ይላል። ባለፈው ሰሞን አዲስ የተመደበች ነርስ ገጹን ስታነብ አየኋት፤ አንብባ ስትጨርስ የራሷን ጋውን ጠርዝ ገልብጣ ወደ መብራቱ ጠጋ አለች።