መቶኛዋ ጎል ሳትገባ ጫማ መስቀል፦ እንዴት ነው የሚወሰነው?

ድሬ ውስጥ የጤና ቡድን ያለው ሰው ሁሉ ይሄን ነገር ያውቀዋል። 40ን የተጠጋ አጥቂ አለ፣ 96 ጎል አለው፣ አራት ቢጨምር መቶ ይሞላል፣ ጉልበቱ ግን እምቢ ብሎታል፣ ሰፈሩ ደሞ "አቦ አንድ ሲዝን ብቻ፣ ሞልተህ ውጣ" እያለ ይወጥረዋል። ይሄን የምጽፈው ለሱ ነው፣ ለጓደኞቹም ጭምር፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ውሳኔውን የሚያበላሹት በርጫ ላይ ቁጭ ብለው ጎል የሚቆጥሩለት ጓደኞቹ ናቸው።

ምሳሌ የማመጣው ከአይስ ሆኪ ነው። ካናዳ ያሉት የድሬና የሀረር ልጆች ካልሆኑ እኛ ጋ ስለ ሆኪ ብዙም አይወራም፣ ግን ለዚህ ጥያቄ ከሱ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የአሜሪካና የካናዳ ክለቦች በሚጫወቱበት የሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ 700 ጎል ማለት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ብቻ የደረሱበት ቁጥር ነው። እና ሶስት ትላልቅ ኮከቦች በአንድ አመት ጊዜ ውስጥ እዛው ደጃፉ ላይ ቆመው ተዉት። ማርክ መሲየር በ694 ጎል፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 2005፣ ማሪዮ ሌሚዩ በ690 ጥር 2006፣ ስቲቭ አይዘርማን በ692 ሐምሌ 2006። ሰው ይሄን ሲሰማ ወዲያው "አልቻሉማ፣ አልቆባቸው ነው" ይላል። እስቲ እናስላው፣ የመጀመሪያው ስራ እሱ ነው።

የህይወት ዘመንህን ጎል ተወውና ያለፈውን ሲዝን ብቻ ውሰድ። ስንት ጨዋታ፣ ስንት ጎል? የቀረህን ጎል በጨዋታ አማካይህ አካፍለው። አይዘርማን በመጨረሻው ሲዝን 61 ጨዋታ 14 ጎል ነው ያገባው፣ 8 ነበር የቀረው፣ ስለዚ 35 ጨዋታ አካባቢ ይበቃው ነበር። መሲየር በመጨረሻው ሲዝን በ76 ጨዋታ 18 አግብቷል፣ 6 ለመጨመር 25 ጨዋታ ገደማ ማለት ነው። ሌሚዩ በ26 ጨዋታ 7፣ 10 ለመሙላት ከ37 እስከ 38 ጨዋታ። ሲዝኑ ደሞ ያኔ 82 ጨዋታ ነበረው! ሶስቱም ግማሽ ሲዝን ሳይሞላ ይደርሱበት ነበር። መሲየርማ ከዛም አልፎ በወቅቱ የጎርዲ ሃው የነበረውን የ1767 ጨዋታ ሪከርድ ለመስበር የቀረው 12 ጨዋታ ነበር፣ እሱንም ትቶት ነው የሄደው፣ 44 አመቱ ነበር።

ያንተንም እንደዚው አስላ። ባለፈው ሲዝን በ20 ጨዋታ 7 አግብተህ ከሆነና አራት ከቀረህ ከ11 እስከ 12 ጨዋታ ነው። ይሄ ከወጣ ቁጥሩ ይደረሳል፣ ስለዚ "እደርሳለሁ ወይ" የሚለውን ጥያቄ ዝጋውና ወደ ከባዱ እለፍ። ስሌቱ ሁለትና ሶስት ሲዝን ከሰጠህ ግን በየአመቱ አማካይህ እየወረደ ስለሚሄድ ያ ሶስት ሲዝን መጨረሻ የለውም፣ ለቁጥሩ ብለህ አትቆይ። ስትቆጥር ደሞ የሰፈር ዋንጫውን፣ የወዳጅነቱንና ልምምድ ላይ የገባውን አትቀላቅል፣ አንዱን ለይተህ ያዝ።

ከባዱ አካልህ ነው፣ እዚ ላይ ረጋ ብለህ አንብብ።

ሌሚዩ ለምን ቆመ? ልቡ ነው። የልብ ምቱ ይዛባ ነበር፣ መድሀኒት ጀምሮለት ሜዳ ላይ ተመልሶ ነበር ግን አልሆነለትም። እንደ ጡንቻ መሳሳብ አሽተህ የምታልፈው ነገር አይደለም ይሄ። ስትሮጥ ደረትህ ላይ ድንገት ምት ከተዘበራረቀብህ፣ ካዞረህ ወይ ደረትህን ጭምቅ ካደረገህ የዛን ቀን ጨዋታ እዛው ቁረጥና ድል ጮራም ሆነ ሌላ ሆስፒታል ሄደህ የልብ ምርመራ አድርግ፣ ኢሲጂ የሚባለውን አንሱኝ በል። ውጤቱን ሳታውቅ አትጫወት። ጎል ቢቀር ይቀራል፣ ሰው ግን አይተካም።

አይዘርማን ደሞ ጉልበቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የክረምት ኦሎምፒክም የሊጉን ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫንም በተጎዳ ጉልበት ነው የተጫወተው፣ ዋንጫውን በልቶ ነሐሴ ላይ የእግሩን አጥንት ቆርጠው አቅጣጫውን ያስተካከሉበት ቀዶ ጥገና አደረገ፣ ከዛም በኋላ ተመልሶ ተጫወተ። ልብ በል፣ ህመም ስለነበረው ብቻ አይደለም ያቆመው፣ ከህመሙ ጋር አመታት ታግሎ 41 ሲሞላው ነው የበቃው። ስለዚ "አሞኛል" ብቻውን መልስ አይሆንም፣ ጥያቄው ከጨዋታ በኋላ ስንት ቀን ትታመማለህ የሚለው ነው። እሁድ ተጫውተህ ማክሰኞ ደረጃ በጤና የምትወርድ ከሆነ ገና አለህ። ሀሙስም እያነከስክ ሱቅ የምትከፍት ከሆነና ይሄ በየሳምንቱ ከሆነ አካልህ መልሱን ነግሮሃል።

ዲክሎ ውጠህ ሜዳ የምትገባ ሰውዬ፣ ላንተ ለብቻ ነው የምናገረው። ማስታገሻው ጉዳቱን አይጠግንም፣ እንዳይሰማህ ነው የሚያደርገው፣ በዛ ላይ ጨጓራ ይጎዳል፣ ውሀ በጎደለው ሰውነት ላይ ሲሆን ደሞ ኩላሊት ላይ አደጋ አለው። በድሬ ሙቀት ላብህ እየተንዠቀዠቀ ይሄን ማድረግ ለአራት ጎል የሚከፈል ዋጋ አይደለም። ያለ ኪኒን መጫወት ካልቻልክ ሒሳቡን ሌላ ቦታ አትፈልገው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተማውን ያዳረሰው ቺኩንጉኒያ የያዘው ሰው መገጣጠሚያው ለወራት ሲያመው እንደነበር ታስታውሳለህ። እንደዛ ያለ በሽታ ይዞህ ከነበረ የዛን ሰሞን ህመም እንደ እርጅና ቆጥረህ ጫማ አትስቀል፣ አካልህ እስኪመለስ ጠብቅና ከዛ ፈትነው።

ቀጥሎ ቡድንህን እይ። አሰልጣኙ ስንት ደቂቃ ይሰጥሃል? በምን ምክንያት? ሆኪ ላይ ያረጀ ኮከብ መጀመሪያ የሚያጣው የበረዶ ላይ ደቂቃውን ነው፣ ከዛ ተቃራኒ ቡድን በቅጣት አንድ ሰው ሲጎድልበት የሚገባበትን ቦታ ያጣል፣ ጎል በቀላሉ የሚገኘው ደሞ እዛ ነው። ኳስ ላይም እንደዛው ነው፣ ፔናልቲና ቅጣት ምት ማን እንደሚመታ ተመልከት። ልጆቹ ራሳቸው መምታት እየቻሉ መቶ እንድትሞላ ብለው ኳሱን ወዳንተ መግፋት ከጀመሩ፣ ክፍት ጎል ትተው አንተን ፍለጋ ዞር ካሉ፣ ቡድኑ ዋንጫ ፍለጋውን ትቶ ላንተ ቁጥር እየሮጠ ነው። ይሄ ለኔ ከጉልበት ህመሙም የበለጠ ምልክት ነው፣ ምክንያቱም ደቻቱ አሸዋ ላይ ተጫውቶ ያደገው የ17 አመት ልጅ ወንበር ላይ ሆኖ ነው ይሄን የሚያየው። ሌሚዩ ሲያቆም ቡድኑ ውስጥ ሲድኒ ክሮዝቢ የሚባል የ18 አመት ልጅ ነበር፣ ቤቱም ውስጥ ነበር የሚኖረው። ሰውየው የክለቡ ባለቤትም ስለነበር ቢፈልግ ማንም ከአሰላለፍ አያወጣውም ነበር።

መቀጠል ያለበት ሰውም አለ፣ ሁሉም ያቁም እያልኩ አይደለም። አሌክሳንደር ኦቬችኪን በ39 አመቱ የዌይን ግሬትዝኪን 894 ጎል አልፎ ሚያዝያ 2025 ላይ 895ኛውን አገባ፣ ያውም በዛው ሲዝን እግሩ ተሰብሮ 16 ጨዋታ አምልጦት። ልዩነቱ ምንድነው ካልክ፣ በዛ ሲዝን በ65 ጨዋታ 44 ጎል ነው ያገባው፣ ቁጥሩን ትተህ እንኳ ቡድኑ ይፈልገው ነበር። አንተም ቁጥሩ ባይኖር አሰልጣኙ ያሰልፍሃል? አዎ ከሆነ ተጫወት፣ ማንም አያስቁምህ።

ለማቆም ከወሰንክ ጊዜውን ምረጥ። ጤና ካልሆነ በቀር ውድድር መሀል ላይ አትውጣ። መሲየር ሲዝኑ ሳይጀመር፣ አይዘርማን ሲዝኑ ካለቀ በኋላ ነው የተናገሩት፣ መሀል ላይ የወጣው በልቡ ምክንያት ሌሚዩ ብቻ ነው። መጀመሪያ ለቤትህ ሰው፣ ከዛ ለአሰልጣኙ በግል፣ ከዛ ለቡድኑ ንገር፣ ከሌላ ሰው በወሬ እንዳይሰሙ። ጓደኞችህ "አራት ጎል እኮ ነው" ሲሉህ ክርክር አትግባ፣ "አስልቼዋለሁ፣ እደርስ ነበር፣ ግን በቅቶኛል" በልና ወሬ ቀይር። ስንት አገባህ ሲሉህም 96 በል፣ ወደ መቶ አታስጠጋው።

ከወራት በኋላ እግርህ ከበላህስ? ሌሚዩ እ.ኤ.አ. በ1997 አንዴ አቁሞ ነበር፣ ካንሰርና የጀርባ ህመም አልፎበት፣ ከሶስት አመት ተኩል በኋላ ተመልሶ በ43 ጨዋታ 35 ጎል አገባ። ስለዚ በሩ አይቆለፍም። ግን ያረፈው አካል ጥሩ ይሰማዋልና በመጀመሪያው እሁድ አትመን፣ አንድ ወር ያለ ኪኒን ተለማመድ፣ ማክሰኞ ላይ ደረጃውን እንዴት እንደምትወርድ እይ፣ አሰልጣኙንም ቦታ አለኝ ወይ ብለህ ጠይቀው።