ለሰፈራችን መናፈሻ ከመንግሥት ገንዘብ የማግኛው መንገድ

እኔ የጀመርኩት ቅጽ በመሙላት አልነበረም። ባዶው ቦታ ዳር ቁጭ ብዬ ሰው ቆጠርኩ። ልጆች በመኪኖች መሃል ኳስ ያሳድዳሉ። አንዲት እናት ጥላ አጥታ ልጇን አቅፋ ግድግዳ ጥግ ቆማለች። ያየሁትን ከነሰዓቱ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ማመልከቻችን ነፍስ የዘራው ከዚያ ደብተር ነው።

አሜሪካ ውስጥ ዋናው ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የመሬትና ውሃ ጥበቃ ፈንድ ነው። ገንዘቡ በብዛት ከባሕር ላይ ነዳጅና ጋዝ ገቢ ይመጣል። ከ2020 ሕግ ወዲህ በዓመት 900 ሚሊዮን ዶላር በቋሚነት ተመድቦለታል። መናፈሻ ላጡ የከተማ ሰፈሮች ተብሎ የተለየ የውድድር ድርሻም አለው። ሰፈር ግን በቀጥታ አያመለክትም፤ ከተማው ያዘጋጃል፣ ስቴቱ ያቀርባል። ስለዚህ መጀመሪያ የከተማችሁን የመናፈሻ ክፍል አሳምኑ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ገንዘቡ ላይ ነው። ፌዴራል መንግሥቱ በአብዛኛው እስከ ግማሽ ወጪ ይሸፍናል። ቀሪው ከከተማው በጀት ወይም ከለጋሾች መምጣት አለበት። በስጦታ የተገኘ መሬትም ሊታሰብ ይችላል፤ ቀድማችሁ ጠይቁ። ደግሞ ክፍያው የሚመጣው ወጪው ከወጣ በኋላ ደረሰኝ ቀርቦ ነው። እስከዚያ ማን ይሸከማል? ይህን በጽሑፍ ያዙ።

ድጋፉ ሣር ማጨጃና ቆሻሻ ማንሻ አይከፍልም። የጥገናውን በጀት ከተማው ከአሁኑ እንዲፈርምበት አጥብቃችሁ ያዙ። በዚህ ገንዘብ የተሠራ መናፈሻ ለሕዝብ መዝናኛ እንደሆነ ይቀራል፤ ያለ ፌዴራል ፈቃድና ያለ ምትክ መሬት ለሌላ ነገር አይለወጥም። እኔ ለጎረቤቶቼ ደግሜ ደጋግሜ የምነግራቸው ይህንን ነው።